«ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው የትኛው ነው?»

ኮምቦልቻ ውስጥ ደህና ሆቴል ገብታችሁ የመጠጥ ሜኑ ብትጠይቁ፣ ወይኑን የምታገኙት ከውስኪው በታች ከለስላሳው በላይ ነው። ቢበዛ ግማሽ ገጽ ነው። ሁለት ሦስት የአዋሽ፣ ሦስት አራት ሪፍት ቫሊ፣ አካሺያ፣ ከዚያ አንድ ሁለት የደቡብ አፍሪካ። አልፎ አልፎ አንድ የጣሊያን ወይም የፈረንሳይ ጣል ይደረግበታል። ደሴም ያው ነው። ከተጻፈው ውስጥ ደግሞ ግማሹ ሲጠየቅ «አልቋል» ነው።

እንዲህ ያለ አጭር ዝርዝር ለምርጫ አያስቸግርም ትሉ ይሆናል። ያስቸግራል እንጂ! ሰው ለትልቅ ቀን እራት ሲጋብዝ ሁለት ፍርሃት ይዞ ነው የሚቀመጠው። አንዱ ሒሳቡ ነው። ሌላው ፋራ መምሰል ነው። ሁለቱ ሲገፋፉ አብዛኛው ሰው ዓይኑን ከላይ እስከ ታች ያወርድና መሃል ላይ ያለውን ዋጋ ያዛል። ርካሹን አላዘዝኩም፣ ውዱም ኪሴን አልጎዳም ብሎ ይረጋጋል።

እኔ ግን ዋጋውን መጨረሻ ላይ ነው የማየው። በእኛ አገር ምግብ ቤት ዋጋው ስለ ወይኑ የሚነግራችሁ ትንሽ ነገር ነው። ጠርሙሱ እዚያ መደርደሪያ ላይ ምን ያህል እንደቆመ፣ ከመብራቱ ሥር ይሁን ከካርቶኑ ውስጥ፣ ማን ሊጠጣው እንደሆነና ከምን ጋር እንደሚጠጣ፤ እነዚህ ናቸው ገንዘቡ መዋሉን ወይም መባከኑን የሚወስኑት።

ይህን ሁሉ እንዳስብ ያደረገኝ የአባባ ጡረታ ነው። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ድግስ አይወዱም። «ሰው ምን ይለኛል» ብለው ሳይሆን፣ እውነት አይወዱም። ስለዚህ ደሴ ቤት ድንኳን ከመጣል ወንድሜ ያለበት ኮምቦልቻ ወርደን አንድ ደህና እራት እንብላ ተባለ። ጋባዡ እኔ ሆንኩ። ቀኑ ረቡዕም ዓርብም እንዳይሆን እማዬ አስጠነቀቀች።

ወንድሜ ያገባት ልጅ ሙስሊም ናት። ወሎ ላይ ይህ ወሬ አይሆንም፣ ግማሹ ቤት እንዲህ ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን ሥራ አለው። ወይን የሚሸጥ ሆቴል ሥጋው የክርስቲያን ነው። እሷ፣ እናቷና ታናሽ ወንድሟ ሊበሉት አይችሉም። የሙስሊም ሥጋ ያለበት ቤት ብንሄድ ደግሞ እማዬ አትነካም። ሁለት ዓይነት ትሪ አቅርቦ ገበታውን ለሁለት ከመክፈል ዓሣ ይሁን ተባለ። ሐይቅ እኮ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዓሣው ሩቅ አይደለም። ሙሉ ጥብስና ጉላሽ አዘዝን፣ ሥጋ በተጠበሰበት ዘይት እንዳይሆንም ተነገራቸው።

የወይኑን ጉዳይ ወንድሜ አስቀድሞ አማቱን ጠየቀልኝ። ቅር የሚላቸው ከሆነ ጨርሶ አይቀርብም፣ ያልቀረበ ወይን የሚጎዳው ሰው የለም። መልሳቸው «እናንተ አብሽሩ፣ ለእኔ ብቻ የአቮካዶ ጁስ ይምጣልኝ» ሆነ። እኛም ጠርሙሱ በአባባ በኩል እንዲሆን፣ አማቱ በዚያኛው ጫፍ እንዲቀመጡ አሰብን።

እንግዲህ የወይን ምርጫ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ሜኑው ገና አልተከፈተም። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው። በልኩ ከተቀዳ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። ከጠረጴዛው ወይን የሚቀምሰው አባባ፣ እማዬ፣ ወንድሜና እኔ ነን። እማዬ ደግሞ ከንፈሯን ካረጠበች በቂዋ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ጥሩ ጠርሙስ፣ ምናልባት አንድ ተጨማሪ ነው። የሰውን ቁጥር እያዩ ሦስት አራት ጠርሙስ መደርደር ጉራ ነው፤ ግማሹ ተከፍቶ ይቀራል። ጠጪው ጥቂት ሲሆን ለአንዱ ጠርሙስ ትንሽ ጨመር ማድረግም አይከብድም።

በዋዜማው ከሰዓት ሆቴሉ ሄድኩ። ይህን ለሁሉም ሰው እመክራለሁ። እራት ላይ፣ ሰው እያየህ፣ አስተናጋጇ ቆማ እየጠበቀች ጥያቄ መጠየቅ አይመችም። ከሰዓት ላይ ግን ቤቱ ባዶ ነው፣ ማኪያቶ አዝዞ ቡና ቤቱ ፊት ለፊት መቀመጥ ይቻላል። መደርደሪያውን ማየት በራሱ ብዙ ይናገራል።

ወይኖቹ በሙሉ ቆመዋል። ከላይ የጌጥ አምፖል ይበራባቸዋል። ከሥራቸው የቡና ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ይጤሳል። ከላይኛው ረድፍ አንድ የደቡብ አፍሪካ ነጭ ወይን አለ፣ በዝርዝሩ ከሁሉም ውዱ። በመስኮቱ በኩል ያለው የወረቀቱ ጎን ነጥቷል። ትከሻው ላይ አቧራ አለ። አንገቱን የሸፈነው ቆርቆሮ ከላይ ትንሽ አበጥ ብሏል፣ ቡሹ ከውስጥ ገፍቶታል ማለት ነው። ወይን ሲሞቅ ይሰፋል፣ መውጫ ሲያጣ ቡሹን ይገፋል። ዓመቱ 2015 ይላል፣ በፈረንጆቹ ማለት ነው። በብርሃኑ ሳየው ቀለሙ ወደ ሻይ ተጠግቷል።

«እህት፣ ከወይን ደህናው የትኛው ነው?» አልኳት ቡና ቤቱን የያዘችውን ልጅ።

እጇን ዘርግታ ያንኑ የላይኛውን አሳየችኝ። አልፈርድባትም። «ደህና» ሲባል ውድ ማለት እንደሆነ እንግዳው ራሱ ነው ያስተማራት።

«ቶሎ ቶሎ የሚያልቀውስ?»

አሁን ማሰብ ጀመረች። «ቶሎ የሚያልቀውማ አካሺያ ነው። ሠርግ ሲኖር በካርቶን ነው የሚወጣው። ቀዩ ሜርሎም ይሄዳል። ነጩ ሻርዶኔ ደግሞ ለአንድ ምርቃት ተብሎ ሰሞኑን መጥቶ ተርፏል፣ ስቶር አለ።»

«ያ የላይኛውስ?»

ሳቀች። «እሱ እንኳ ለእይታ ነው።»

ከዚህ የበለጠ የወይን ባለሙያ የት አገኛለሁ! «የትኛው ጥሩ ነው» ብሎ የጠየቀ ሰው የሚሰማው የዋጋ ዝርዝሩን ነው። «የትኛው ይሄዳል» ያለ ሰው እውነቱን ይሰማል። የሚሄድ ወይን ትኩስ ነው። ከፋብሪካ ወይም ከአስመጪ ከመጣ ብዙ አልቆየም፣ መብራቱ አልመታውም፣ ቡሹ አልደረቀም። ጠርሙስ ቆሞ ሲከርም ቡሹ ከወይኑ ስለማይነካ ይደርቃል፣ ይሸማቀቃል፣ አየር ያስገባል። አየር የገባበት ወይን መጨረሻው ኮምጣጤ ነው። የሚጠመዘዝ ክዳን ያለው ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ቡሽ አይደለም ብላችሁ አትናቁት።

ወይን በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል የሚባል ወሬ አለ። ይህ ወሬ ብዙ ሰው አስከፍሏል። በቆይታ የሚሻሻሉ ወይኖች አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው፤ እነሱም የሚቆዩት ጨለማና ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተጋድመው ነው። ገበያ ላይ ያለው ወይን አብዛኛው የሚጠመቀው በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ነው። በተለይ ነጩ። ቡና ማሽን አናት ላይ የከረመ የ2015 ነጭ ወይን፣ ሲሠራ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ አሁን የምትከፍሉት ለወረቀቱ ነው።

ስለዚህ ሻርዶኔው ተያዘልኝ። ሁለት ጠርሙስ፣ ከስቶር፣ ከካርቶኑ ውስጥ። በመደርደሪያው ላይ ካለው አንዱን አውርዳ እንዳታመጣልኝ ደጋግሜ ነገርኳት። እሷም «አይዞህ» አለችኝ፣ እንደ ትንሽ ልጅ።

ዋጋውን የጠየቅኩት ከዚህ በኋላ ነው። ምግብ ቤት ወይን ላይ የሱቁን ዋጋ ሁለትና ሦስት እጥፍ ማድረጉ በዓለም ሁሉ የተለመደ ነው። ብርጭቆው፣ ፍሪጁ፣ ሠራተኛው፣ ኪራዩ ከዚያ ነው የሚወጣው። በዚህ አልጣላም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው፤ ሜኑው ላይ የተጻፈው ዋጋና ቢሉ ላይ የሚመጣው ዋጋ አለመገናኘታቸው። 10 በመቶ ሰርቪስ የሚያስከፍል ሆቴል ላይ 1,000 ብር የተባለ ጠርሙስ መጀመሪያ 1,100 ይሆናል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲደመር 1,265 ነው። ውዱን ካዘዛችሁ ደግሞ ልዩነቱም አብሮ ያድጋል። «ቫትን ይጨምራል?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በትንሽ ፊደል ሜኑው ግርጌ ተጽፎ ካገኛችሁትም ደግ ቤት ነው።

ከዋጋው አጠገብ አንድ ወሬ ደግሞ አለ። በዝርዝሩ ከርካሹ ቀጥሎ ያለውን አትዘዙ፣ ሰው ርካሹን ማዘዝ ስለሚያፍር ቤቱ ብዙ የሚያተርፈው በእሱ ነው ይባላል። እኔም ለብዙ ጊዜ እውነት ይመስለኝ ነበር። በ2021 (በፈረንጆቹ) ሁለት የኢኮኖሚክስ ምሁራን፣ ዴቪድ ደ ሜዛና ቪክራም ፓታኒያ፣ የ235 የለንደን ምግብ ቤቶችን የወይን ዝርዝር አይተው ነገሩን ሐሰት ሆኖ አገኙት። ከርካሹ ቀጥሎ ያለው ወይን ላይ የሚጫነው ትርፍ ከእሱ ቀጥለው ወደ ላይ ካሉት ያነሰ ነው። ትርፉ የሚወፍረው ዝርዝሩ መሃል አካባቢ ነው። እኛ «አያዋርድም፣ አያከስርም» ብለን የምናርፍበት ቦታ ማለት ነው!

ይህ ግን የለንደን ነገር ነው። ጥቂት ወይን ብቻ ባለው የኮምቦልቻ ሜኑ መሃሉ የት እንደሆነ እንጃ። እኔ የወሰድኩት ነገር ቢኖር፣ ከታች ያለውን ማዘዝ ውርደት አይደለም የሚለውን ነው። ከታች ያለው ደግሞ እኛ ጋ አብዛኛውን ጊዜ የአገር ውስጡ ነው።

የአገር ውስጥ ወይን ላይ የሚያሾፍ ሰው አላጣም። አንድ ጓደኛዬ ጉደርን በኮካ ካልበረዘ አይጠጣም፣ ከዚያ ደግሞ የአበሻ ወይን ጣዕም የለውም ይላል። ጣዕሙን በኮካ ካጠበው በኋላ ማለት ነው። ለነገሩ አዋሽ የቆየ ቤት ነው፤ ጉደርና አክሱሚት ያላለፉበት ሠርግ የለም። ጉደር ድራይ፣ ማለትም ጣፋጭነት የሌለው ቀይ ነው፣ አክሱሚት ጣፋጭ ቀይ። አዋሽ ከመንግሥት እጅ ሲወጣ፣ በ2013 (በፈረንጆቹ)፣ ገንዘብ ካፈሰሱበት አንዱ 8 ማይልስ የሚባል ፈንድ ነው፤ የያኔው ሊቀ መንበሩ አየርላንዳዊው ሙዚቀኛ ቦብ ጌልዶፍ። የ77ቱን ረሃብ ያየ የወሎ ሰው ይህን ስም ያውቀዋል። ያኔ ለእርዳታ ሙዚቀኞችን ያሰባሰበው ሰው፣ ከዓመታት በኋላ በወይን በኩል ተመለሰ። አባባ ይህን ስነግራቸው «አዬ ጊዜ» ብለው ዝም አሉ።

ሪፍት ቫሊና አካሺያን ያመጣው ካስቴል ነው። ካስቴል የፈረንሳይ ኩባንያ ነው፣ ቢጂአይም የእሱ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ የቢራ ፋብሪካ ያለው ቢጂአይ። የወይን እርሻው ያለው ዝዋይ ነው፣ ሐይቁ አካባቢ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ግድም። ጉማሬ ገብቶ እንዳይበላባቸው ዙሪያውን ቦይ ቆፍረውለታል። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ገበያ የወጡት በ2014 (በፈረንጆቹ) ነው። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሻርዶኔ እያለ የወይን ፍሬው ዓይነት በየጠርሙሱ ላይ ይጻፋል፤ ይህ ለእንግዳው ጥሩ ነው፣ ምን እንደሚጠጣ ያውቃል። ከዝዋይ ኮምቦልቻ የሚመጣ ወይን መርከብ አይሳፈርም፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ በኮንቴይነር ፀሐይ አይመታውም። በአንድ ዋጋ አንድ የአገር ውስጥና አንድ የውጭ ቢቀርብልኝ፣ የአገር ውስጡን አነሳለሁ። የውጩ ጠርሙስ ዋጋ ውስጥ ከወይኑ ይልቅ ጉዞው፣ ቀረጡና ምንዛሪው ይበዛል።

ለምን ቀዩን ትቼ ነጩን እንደመረጥኩ ወንድሜ አልገባውም። «ወይን ቀይ ነው» ይላል፣ እንደ ብዙ ሰው። ምክንያቱ ዓሣው ነው። ቀይ ወይንና ዓሣ አይስማሙም የሚባለው እንዲሁ የፈረንጅ ወግ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሜርሲያን የሚባል የጃፓን ወይን አምራች ተመራማሪዎች በ2009 (በፈረንጆቹ) ያሳዩት አለ፤ ወይኑ ውስጥ ያለው ብረት ከዓሣ ጋር ሲገናኝ ያንን አፍ ላይ የሚቀር የዓሣ ሽታ ያመጣል። ቀይ ወይን ውስጥ ብረት በዛ ብሎ የመገኘት ዕድል አለው። በዚያ ላይ ተጠብሶ ሎሚ የተጨመቀበት ዓሣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ኮምጠጥ ያለ ነገር ነው የሚፈልገው። ነጩ ይኸው ነው።

በርበሬ ሲመጣ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ጉላሹ ቀይ ነበር፣ አዋዜውም እዚያው ነው። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ይጨምረዋል። የቀይ ድራይ ወይን ያ አፍ የሚያደርቀው ነገር ደግሞ ያባብሰዋል። ስኳር ያለው ወይን ያስታግሰዋል። አያቶቻችን ይህን ማንም ሳይነግራቸው አውቀውታል። ደሴ ያለው የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ የተሠራው ለግብር፣ ለንጉሥ ድግስ ነው። ግብር ያለ ጠጅ አይታሰብም። ቀይ ወጥ ላይ የማር ጠጅ! ከዚያ የበለጠ የምግብና የመጠጥ ጋብቻ አልቀመስኩም። ስለዚህ «አካሺያ የሴቶች ወይን ነው» እያለ የሚያላግጥ ሰው ዶሮ ወጥ ፊት ካበርኔ ይዞ ሲያለቅስ ባየው ደስ ይለኛል። አካሺያ ለስለስ ያለ ጣፋጭነት አለው። ለወጥ፣ ለጉላሽ፣ ለአዋዜ ጥብስ ከድራዩ ይሻላል፣ ዋጋውም አይከብድም። ድራዩን ሲራ ለተጠበሰ የበግ ጎድን አስቀምጡት፣ እሱ ላይ አንደኛ ነው።

ለጉላሹ ብዬ ሁለተኛውን ሻርዶኔ በአካሺያ ቀይ ቀየርኩት። ልጅቷ ምንም አልመሰላት። ጣፋጭ ስለሆነ ብረቱም ሆነ አፍ ማድረቁ በበርበሬው ሥር ብዙ አይሰማም። ብረት አልኩ እንጂ ማን ይለካዋል፣ ምላስ ነው።

ቀጥሎ ሙቀቱ ነው። እዚህ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው። ደሴ 2,500 ሜትር ላይ ጦሳ ሥር ተቀምጣለች። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ 1,850 ሜትር አካባቢ ናችሁ። 25 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ጃኬት ይወልቃል። ቀይ ወይን «በክፍል ሙቀት» ይጠጣል ሲባል ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ለማለት ነው። የደሴ ሳሎን በራሱ እዚያው ነው፣ ክረምት ላይ እንዲያውም ይበርዳል። ኮምቦልቻ ላይ ግን ከሰዓት በኋላ መደርደሪያ ላይ የዋለ ቀይ ወይን ሞቅ ብሎ ነው የሚመጣው፤ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል፣ ጣዕሙ ይዝላል። ሩብ ሰዓት ፍሪጅ ይግባ ብትሉ አስተናጋጁ ግራ ይገባው ይሆናል። ይግባ። ነጩ ደግሞ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ ይግባ፣ ወይም በረዶ ባልዲ ውስጥ። ባልዲው ውስጥ ግን በረዶ ብቻ አይሁን፤ ውሃ ይጨመርበት። ውሃው ጠርሙሱን ዙሪያውን ስለሚነካው በጣም ይፈጥናል።

እራቱ ላይ ወይኑን ያመጣው ሌላ አስተናጋጅ ነበር፣ ገና ልጅ። ጠርሙሱን ጭኑ መሃል ይዞ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ቡሹን ይጎትታል። ወንድሜ ሊያግዘው ተነሳ። «ይቻላል ጋሼ፣ ይቻላል» እያለ እምቢ አለ። ጷ! አለና ወጣ። የአማቱ ታናሽ ልጅ አጨበጨበ።

ከዚያ ትንሽ ቀድቶልኝ ቆመ። ይህች ጊዜ ብዙ ሰው ታስጨንቃለች። ምን እንደሚባል አይታወቅም። ፊልም ላይ እንዳየነው ብርጭቆውን አሽከርክሮ፣ ዓይን ጨፍኖ ጉሮሮ መጥረግ የሚጠበቅ ይመስላል። ጉዳዩ ቀላል ነው፤ ወይኑ ተበላሽቷል ወይስ አልተበላሸም ነው። ማሽተት ይበቃል። እርጥብ ካርቶን፣ ሻጋታ፣ ኮምጣጤ ከሸተተ ይመለሳል፣ ሌላ ይከፈታል። «አልጣመኝም» ብሎ መመለስ ግን የለም። የእኛው ሎሚ ሎሚና ፖም ፖም ይላል። «ቅዳ» አልኩት።

ቀዳ። እስከ አፉ ሞላው። እኛ አገር አጉድሎ መቅዳት ንፍገት ነው፣ ልጁ አክብሮን ነው። ወይን ግን ብርጭቆው ከግማሽ በታች ሲሆን ነው ሽታውን የሚሰጠው። በዚያ ላይ አራት ሰው እስከ አፍ ከተቀዳለት ጠርሙሱ በአንድ ዙር አለቀ፣ «ሌላ ላምጣ?» መጣ ማለት ነው። ቀስ ብዬ «ወንድሜ፣ ለሌሎቹ ትንሽ ትንሽ፣ እኛ ራሳችን እየቀዳን እንጠጣለን» አልኩት። ጠርሙሱን እጃችን ማድረግ ከማንኛውም የዋጋ ብልጠት በላይ ያተርፋል።

አባባ ጎንጨት አሉና «ኮምጠጥ ይላል» አሉ። ቢራ እንደሚሻላቸው ፊታቸው ላይ ይነበባል። ዓሣው መጣ፣ ሎሚ ጨመቁበት፣ በሉ፣ ደግመው ጎነጩ። «ከዚህ ጋር እንኳ ይሄዳል» አሉ። ከአባባ ይህ ብዙ ነው። ከዚያ በኋላ የራሳቸውን ራሳቸው ቀዱ። የወንድሜ አማት ሁለተኛውን አቮካዶ አዘዙ፤ ስለ ድሮ ተማሪዎቻቸው አባባን እየጠየቁ አስወሩዋቸው። ለካ አንዱ ወንድማቸውን አባባ አስተምረውታል። ወሬው ወይኑን አስረስቶት ቀጠለ፣ እኔም ደስ አለኝ።

በብርጭቆ ስለሚሸጠው ወይን አንድ ነገር ልበል። የሚጠጣው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ምርጫው እሱ ነው፣ ግን «መቼ ነው የተከፈተው?» ሳይባል አይታዘዝም። ቅዳሜ ተከፍቶ ማክሰኞ የሚቀዳ ወይን አለ። ሦስት አራት ብርጭቆ የሚጠጣ ጠረጴዛ ደግሞ ጠርሙሱን ቢያዝ ይሻለዋል፣ የአራት ብርጭቆ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ጠርሙሱን ይገዛል። ከውጭ ይዞ መግባትማ «ክልክል ነው» የሚል ወረቀት በየግድግዳው አለ። ባለቤቱን አስቀድሞ አናግሮ የመክፈቻ ከፍሎ የሚፈቀድለት ሰው ግን አይቻለሁ።

ሒሳብ ሲመጣ እንደተለመደው ግፊያ ሆነ። ወንድሜ ቢሉን ከአስተናጋጁ እጅ ሊነጥቅ፣ እኔ ክንዱን ይዤ፣ እማዬ «አታሰድቡን» እያለች። ለሁለቱ ጠርሙስ የከፈልኩት፣ ሰርቪስና ቫት ተጨምሮ፣ ለዚያ ለእይታ ለተቀመጠው ለአንዱ ከሚከፈለው ያንሳል። ልጁን በቲፕ ደህና አድርጌ ሸኘሁት፣ ለቡሹም ለላቡም።

አካሺያው ከግማሽ በላይ ተርፎ ነበር። ቡሹን መልሰው ከደኑልኝና በፌስታል ይዤው ሐረጎን ወጣን። የተከፈተ ወይን ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ደህና ይቆያል። እዚያ ድረስ አልደረሰም። እሁድ ጠዋት እማዬ ዶሮ ወጡ ላይ፣ ቁሌቱ በስሎ ብልቱ ከመግባቱ በፊት፣ ሙሉውን ገለበጠችው። ለፋሲካም እንዳመጣላት አዝዛኛለች። በዓል ሲቃረብ ዋጋው ስለሚንር አሁኑኑ መግዛቴ ነው፣ ፒያሳ ካለው ሱቅ፣ ባለሱቁ ከጀርባ ካርቶኑን ከከፈተልኝ።